«ማርኩህ» ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ

ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ እጠላዋለሁ። ዱላውን በከረጢት አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። ቤተሰቦቼ የእርጅና አመል ነው እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ምክንያት አለኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ከሌላው ሰው ጥፋት ይልቅ የራሴ ስለሚበዛበት ነው።

ነገሩ የሆነው ጠላት አገራችን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ጨርቅና ፋኖስ በሚሸጥ በአንድ ፈረንጅ ሱቅ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። አራዳ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ነበር የሚለው፤ እኔም ሙሴ እያልኩ ነበር የምጠራው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ በቀለለኝ። ፊቱ የቀላ፣ ሳቂታ፣ የሰው ትከሻ መምታት የሚወድ፣ በየደቂቃው «ጎበዝ ልጅ!» የሚል ሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፣ በሦስት ቋንቋ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እሱ በገዛ ቋንቋው የጻፈውን እንኳ እኔ ነኝ የማርመው፤ ግን «ጎበዝ ልጅ» ነኝ።

እሑድ እሑድ ሱቁ ሲዘጋ ሙሴ፣ አንድ አርመን ሰዓት ሠሪና አንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ ከጃንሆይ ሜዳ ማዶ ወዳለ የግጦሽ መስክ ይወጡ ነበር። እዚያ ስድስት ጉድጓድ አስቆፍረው በየጉድጓዱ ጣሳ ቀብረዋል። ጨዋታው ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ከጣሳ ወደ ጣሳ ማድረስ ነው። በጥቂት ምት የከተተ ያሸንፋል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔን አራተኛ አደረጉኝ። «ወዳጃችን ነህ» አሉኝ። ወዳጃቸው ስለሆንኩም የሁላችንንም ዱላ የያዘውን ከረጢት የምሸከመው እኔ ነበርኩ፤ የእያንዳንዱን ሰው ምት በደብተር የምጽፈውም እኔ።

ሦስቱም አይችሉም ነበር። አርመኑ ዱላውን ሲያነሣ ዓይኑን ይጨፍናል። ግሪኩ ከኳሷ ይልቅ መሬቱን ነው የሚደበድበው። በዚህ ላይ የጉድጓድ ያህል የጠለቀ የከብት ኮቴ፣ እበት፣ እሾህ አለ። በየእሑዱ ተጨቃጭቀው ተኳርፈው ነው የሚመለሱት። አንድ ቀን ሙሴ «ለወዳጅ የሚሆን ለስለስ ያለ ሕግ እናውጣ» አለኝ። ሐሳቡን በቋንቋው ነገረኝና እኔ በአማርኛ ጽፌ የሱቁ የጓሮ በር ላይ ለጠፍኩት። ሦስቱን የሚያግባባቸው የተሰባበረው አማርኛቸው ብቻ ነበርና ሕጉም በአማርኛ ሆነ።

እንዲህ ይል ነበር። የመጀመሪያ ምቱ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ይምታ፣ የተበላሸችው አትቆጠርም። ለዚህ «አላየንም» የሚል ቃል ሰጠኋቸው። አንዱ አበላሽቶ ሲመታ የቀሩት እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው «አላየንም!» ብለው ይጮኻሉ። እበት ወይም ኮቴ ውስጥ የገባች ኳስ በእጅ ተነሥታ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ከአሥር በላይ የመታ ሰው አሥር ተብሎ ይጻፍለታል። የተቆጣ ሰው ሁሉንም ቢራ ይጋብዛል። ማዕረግ ደግሞ ከበቅሎ ጋር ታስሮ ይቀራል፣ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ የለም። ይህቺን የመጨረሻዋን የጻፈው ከረጢት ተሸካሚው ነው።

አንዲት ሕግ ቀረች፤ የእኔ ጣጣ እሷ ናት። ኳሷ ከጣሳው አንድ ስንዝር ያህል ቀርባ ስትቆም፣ መምታት ሳያስፈልግ፣ ተጋጣሚው «እንደገባች ቁጠራት» ብሎ ለባለ ኳሱ ይለቅለታል። ባለ ኳሱም ኳሱን አንሥቶ ይሄዳል፤ በዚያ ጉድጓድ የእሱ ጨዋታ አለቀ ማለት ነው። ሰውየው ራሱ መጠየቅ አይችልም፣ ከተጋጣሚው አፍ መጠበቅ አለበት። ሙሴ «ይሄን በአማርኛ ምን እንበለው?» አለኝ። «ተውኩልህ» ማለት ነበረብኝ። ብይ የሚጫወት የአራዳ ልጅ ሁሉ የሚለው ቃል ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሆዴ ቂም ቋጥሮ ነበር፤ ጠዋት ገበያተኛ ፊት «ጎበዝ ልጅ፣ በሩን ጥረግ» ብሎኛል። ስለዚህ «‹ማርኩህ› ነው የሚባለው» አልኩት።

እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። «ማርኩህ» ዳኛ ለወንጀለኛ፣ ንጉሥ ለከዳው ሰው የሚለው ቃል ነው። ሦስት ፈረንጆች ሜዳ ላይ ቆመው እርስ በርሳቸው ኃጢአት ሲሠረይላቸው ለመስማት ፈለግሁ። ደስም አለኝ። አርመኑ ለግሪኩ «ማርኩህ!» ሲል፣ ግሪኩ ባርኔጣውን አንሥቶ ሲያመሰግን፣ ከከረጢቴ ኋላ ሆኜ አንጀቴ እስኪርስ እስቅ ነበር። ሙሴማ አፉ አይታዘዝለትምና «ማረክሁህ» ነው የሚመስለው፤ አንዴ ይምራል፣ አንዴ ይማርካል። ከአማርኛ ሁሉ እንደዚያች ቃል የወደደው አልነበረም። ሱቅ ውስጥም ለገበያተኛ ዋጋ ሲቀንስ «ማርኩህ!» ይላል።

ለእኔ ግን አንድ ቀን ማንም ብሎልኝ አያውቅም። ኳሴ የጣሳው ከንፈር ላይ ቆማ እንኳ «ምታት፣ ምታት» ነው የሚሉኝ፤ ሙሴ ሰዓቱን እያየ፣ ግሪኩ እያዛጋ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር። የቀለድኩበት ቃል መልሶ እኔን ያምረኝ ጀመር። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

በዚሁ መሐል አንዲት ልጅ ለማጨት ተነሣሁ። አባቷ አራዳ ውስጥ ረጅም ዘመን ዳኝነት ተቀምጠው የኖሩ ባላምባራስ ናቸው፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲያ ቤታቸው በር ላይ ከዳኝነት ከወረዱ በኋላም ከሹመታቸው ጊዜ ያልተናነሰ ባለጉዳይ ይቀመጥ ነበር። ልጅቷን ያየኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ከእናቷ ጋር ሱቅ የመጣች ዕለት ነው። በሩ ላይ የጻፍኩትን ማስታወቂያ አነበበችና ወደ እናቷ ዞር ብላ «‹ፈኖስ› ይላል እኮ» ብላ ሳቀች። ሳቋ እኔ ላይ ነበር፤ በሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እጣላ ነበር። በማግስቱ «ፋኖስ» ብዬ አስተካከልኩና እንደገና እስክታልፍ በሩን ስጠብቅ ሰነበትኩ። ወደድኳት፣ ሌላ ቃል የለኝም።

የነፍስ አባቴ፣ የጊዮርጊስ ካህን፣ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሦስት ጊዜ ተመላለሱልኝ። በሦስተኛው ባላምባራስ እንዲህ አሉ፦ «ልጁ የተማረ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ዘሩንም አጣርቻለሁ። እሑድ እሑድ ከፈረንጅ ጋር ዱላ ይዞ ይዞራል የሚሉትን ግን በዓይኔ ልየው። ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ።» ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ታስቦ ነበር። የቀረችው የእሳቸው ቃል ብቻ ናት፣ እሷም በዚያ በተረገመ መስክ ላይ ተንጠለጠለች።

ቅዳሜውን ሙሉ ሙሴን ስመክር ዋልኩ። የባላምባራስን ትከሻ እንዳይመታ፣ እንዳይጮህ፣ «እርስዎ» እንዲል ለመንኩት። «ጎበዝ ልጅ፣ አትፍራ» አለኝ። ስለዚያች ቃል ግን አላነሣሁም። በየእሑዱ ሲባል ጆሮዬ ደንዝዞ ቃሉ ቃል መሆኑን ረስቼው ነበር። ዛሬም ሳስበው በገዛ ራሴ ጥርሴን የምነክሰው እዚህ ላይ ነው።

ባላምባራስ ከቅዳሴ መልስ በቅሏቸውን ጭነው፣ ጠብመንጃ ያዥ አስከትለው መጡ። ሙሴ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እሳቸውም ካባቸውን ለአሽከራቸው ሰጡና «እስቲ እኔም ልሞክረው፤ በልጅነቴ የገና ጨዋታ ጥሩ አድርጌ እጫወት ነበር» አሉ። ዱላ ሰጠኋቸው። መቱ። ኳሷ ሁለተኛውን ጉድጓድ አልፋ ከብት መሐል ገባች። ሦስቱ ፈረንጆች አጨበጨቡ። እኔ ልቤ ቦታዋ ተመለሰች፤ ነገሩ ሊያምር ነው አልኩ።

ቀጥሎ የግሪኩ ተራ ነበር። መሬቱን መታው። «አላየንም!» ብለው ሁለቱ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ሆኑ?»

«የተበላሸችውን ምት አላየንም ማለታቸው ነው ጌታዬ። የወዳጅ ሕግ ነው፣ አትቆጠርም።»

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «ምስክር ብባል መታ ነው የምለው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ለስላሳውን ሕግ አንዱንም አልተቀበሉም። ኳሳቸው ኮቴ ውስጥ ስትገባ ሙሴ አንሥቶ ሊያወጣላቸው ጎንበስ ቢል በዱላው ጫፍ ከለከሉትና ከነጭቃው መቱ። ልብሳቸው ተበላሸ። የእኔ ኳስ እበት ላይ ስታርፍ ደግሞ ቆመው አዩኝ። እኔ አንሥቼ አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሕጉ ነው፣ ራሴ የጻፍኩት ሕግ ነው፤ ግን በእሳቸው ዓይን ስር እጄ እንደ ሌባ እጅ ሆነብኝ። እሳቸውንም በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። ጨዋታ ለመመልከት የመጣ ሰው ችሎት ይዞ ይመጣል?

ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ሙሴና ባላምባራስ እኩል ነበሩ። ሙሴ በአምስት ምት ከተተ። አንዷን አላየንም ነበርና አራት ብዬ ጻፍኩ። ባላምባራስ በሦስተኛው ምት ኳሷን ከጣሳው አንድ ስንዝር አደረሷት። አንዲት ለስላሳ ምት ብቻ ቀርታለች፤ እሷን ካገቡ እኩል ይወጣሉ። ሙሴ፣ ያ ሳቂታ ሰው፣ በደግነት፣ በእውነት በደግነት፣ እጁን ዘርግቶ ወደ እሳቸው ሄደና በዚያ በማይታዘዝ አፉ፦

«ማርኩህ!» አለ፤ ኳሷንም አንሥቶ አቀበላቸው።

አሽከራቸው ጠብመንጃውን ከትከሻ ትከሻ አዛወረ። ባላምባራስ ሙሴን አላዩትም፣ እኔን ነው ያዩኝ።

«ምን አለኝ?»

«እንደገባች ትቆጠርልዎ ነው የሚለው ጌታዬ።»

«ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁህም። ምን አለኝ?»

«ማርኩህ አለዎት።»

«ማርኩህ ነው ማረክሁህ? የቱ እንደሆነ ልወቀው።»

«ማርኩህ ነው ጌታዬ።»

«ምን በድዬው?»

ሠላሳ ዓመት ያቺን ቃል ከዳኝነት ወንበራቸው ላይ ሆነው ለሌላ ሰው ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን አንድ ባለ ሱቅ፣ ያውም «አንተ» ብሎ፣ አሽከራቸው ፊት ማራቸው።

«ይህን ቃል ማን ሰጠው?» አሉኝ።

«ራሱ ነው ያመጣው ጌታዬ። አማርኛው ገና ነው።»

ሙሴ ስለ እሱ እንደምናወራ ገባው። ፊቱ በራ። ትከሻዬን መታና «ይሄ! ይሄ አስተማረ!» አላቸው። «ማርኩህ፣ አላየንም፣ ሁሉ ይሄ ጻፈ! ጎበዝ ልጅ!»

በዚያች ደቂቃ ሙሴን ብገድለው ደስ ባለኝ። እሱ ግን የሚያመሰግነኝ ነበር የመሰለው፤ እያመሰገነኝም ነበር።

ባላምባራስ ኳሷን ጎንበስ ብለው ራሳቸው ከነበረችበት ቦታ መለሷት፤ በእጃቸው ለክተው፣ ከስንዝሩ ሳያጎድሉ። መቱ። ኳሷ የጣሳውን ከንፈር ዞራ አለፈች።

ግሪኩ ደንግጦ፣ ነገሩን ሊያበርድ፣ «አላየንም!» ብሎ ጮኸ። አርመኑም ሙሴም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። ባላምባራስ አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ደረሱ።

እኔም እጄ ዓይኔ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ጩኸቱን ሲሰማ በራሱ ወጣ። በጣቶቼ መሐል አየኋቸው፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ።

«አንተስ?» አሉኝ። «አየህ ወይስ አላየህም?»

እጄን አወረድኩ። «አይቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ሙሴን ፈራሁ? እሳቸውን ማሳፈር ፈራሁ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝም አልኩ።

ባላምባራስ ኳሷን እንደገና መቱና ከተቱ። «አምስት ጻፍ» አሉኝ። «ተሸንፌያለሁ።» ካባቸውን ለበሱ፣ በቅሏቸው ላይ ወጡ፣ ሙሴን በደንብ አድርገው እጅ ነሥተው ሄዱ። ሙሴ «ጥሩ ሰው!» አለኝ። ከረጢቱን ተሸክሜ ከኋላው ወረድኩ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ድልድዩ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ምን እላለሁ? ይማሩኝ ልበል? ቃሉ ራሱ አፌን ያዘው። ሕጉንም ከበሩ ላይ ለመቅደድ አስቤ ነበር፤ ሙሴ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞት ኖሯል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ እየተቻኮሉ ሱቅ ገቡ። ፊታቸው ደስታ በደስታ ነበር።

«እልል በል ልጄ! ምረውሃል!»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ምን አሉ አባ? ያሉትን ቃል ይንገሩኝ።»

«እኛ ምንም ጥፋት አለ አላልናቸውም፤ ቃላቸውን ብቻ ነው የጠየቅናቸው። ‹ማርኩህ ብለዋል በሉት፤ ኳሱን ያንሣ› አሉን። ‹ማርኩህ› ያለ ሰው እንግዲህ ልጁን አይነፍግም። ‹ኳሱን ያንሣ› ያሉት ግን አልገባንም። ሽማግሎቹ ከጥሎሹ ጋር የሚሄድ ነገር ሳይሆን አይቀርም አሉ። የት ነው የሚገዛው ልጄ?»

ሙሴ ከመደርደሪያው ኋላ ጨርቅ ይለካ ነበር። ከካህኑ ንግግር ሁሉ የገባችው አንዲት ቃል ናት። ክንዱን ዘርግቶ መጣና ትከሻዬን መታኝ።

«ማርኩህ!» አለ እየሳቀ። «ጎበዝ ልጅ!»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲለኝ የጠበቅሁት ቃል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተባለልኝ። የነፍስ አባቴ መልሴን እየጠበቁ ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ ከአፌ ካልሰሙ እንደማይገባቸው አውቃለሁ።

«ኳስ ሲነሣ ጨዋታው አልቋል ማለት ነው፣ አባ» አልኳቸው። «ልጅቷን አይሰጡኝም።»